ሥዕሉን አይቶ መጽሐፉን መተርጐም

ልጆቼ ሆይ፤ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ገልጦ ሥዕሉን መመልከት ነውር አይደለም። ነውሩ ሥዕሉን ብቻ አይቶ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ማለት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ አስቀድሞ ንባብ ይማራል፤ ትርጓሜ የሚደርሰው ብዙ ደክሞ ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ብሆንም፥ ይህን ሥርዓት ከዳንግላ የቆሎ ተማሪዎች ዘንድ አይቼ አደንቀው ነበር።

ሥርዓቱ ሲፈርስ የሚሆነውን ለማወቅ፥ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የቮይኒች መጽሐፍ ተመልከቱ። ዕፀዋት፥ ከዋክብትና በውኃ የሚታጠቡ ሴቶች ተሥለውበታል፤ ፊደሉን ግን ሊቃውንት ሁሉ በአንድ ቃል የተቀበሉት አንባቢ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኒውቦልድ የተባለ ፕሮፌሰር ጸሐፊው ሮጀር ቤከን ነው፥ ቁልፉንም አግኝቻለሁ አለ። በ1931 ማንሊ የተባለ ሊቅ፥ ኒውቦልድ የምስጢር ፊደል ያለው ቀለሙ ሲደርቅ የተሰነጠቀው መሆኑን አስረዳ። ኋላም ብራናው ሲመረመር ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ጊዜ ቤከን ከሞተ መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ ፈተና በእኛም አገር ደርሷል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ሥዕል ያላቸው ጥንታውያን የግዕዝ ወንጌሎች አሉ። ብዙ ሊቃውንት የጽሕፈቱን መልክ አይተው በ1100 ገደማ የተሠሩ ናቸው ሲሉ ኖሩ። የገዳሙ ትውፊት ግን አባ ገሪማ ፀሐይ ቆማላቸው በአንድ ቀን ጻፏቸው ይላል። ብራናው በኦክስፎርድ ሲመረመር ዘመኑ ከ330 እስከ 650 ባለው ውስጥ ሆነ። ሊቃውንቱ በብዙ መቶ ዓመት ተሳሳቱ። ይሁን እንጂ እኛም «እነሆ፥ አባ ገሪማ እንደ ጻፏቸው ተረጋገጠ» ብለን አንፎክር። ብራና እንስሳው የሞተበትን ዘመን ይመሰክራል እንጂ የጸሐፊውን ስም አይናገርም።

በእነዚህ መጻሕፍት መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የቮይኒች ቁልፍ ጠፍቷል፤ የግዕዝ ቁልፍ በየደብሩ አለ። በእንጅባራና በዳንግላ አውኚ እየተናገራችሁ ያደጋችሁ ልጆች፥ ፊደሉን በአማርኛ ስለተማራችሁት የግዕዙን ገጽ በድምፅ ልታነቡት ትችላላችሁ፤ ትርጉሙ ግን ይሸሻችኋል። ፊደል ማወቅ ቋንቋ ማወቅ አይደለምና። ይህም ቀላል ጉዳት አይደለም። ሌባ ሥዕል ያለበትን ገጽ ከብራና መጽሐፍ ቀዶ ሲሸጥ፥ ማንበብ የማይችል ሰው «አንድ ሥዕል ጠፋ» ብሎ ያዝናል እንጂ በጀርባው የተጻፈው ቃል አብሮ እንደ ሄደ አያውቅም።

ስለዚህ ወደ ጥንታዊ መጽሐፍ ስትቀርቡ ያያችሁትን «አየሁ»፥ የገመታችሁትን «ገመትሁ»፥ ያነበባችሁትን «አነበብሁ» በሉ፤ አንዱን በሌላው ስም አትጥሩ። ከዚያም በአጠገባችሁ ካሉት መሪጌታ ዘንድ ሄዳችሁ፥ አንዲት ገጽ እንኳ ብትሆን ግዕዝ ከነትርጉሙ ተማሩ።