«እጥበት»ና «ስርጭት» በአፈር ሳይንስ ትርጉሞች

ስለ አፈርና ስለ መስኖ ወደ አማርኛ የተመለሱ ጽሑፎችን ስንመረምር፣ ሟሚ ነገሮች ከውሃ ጋር በአፈር ውስጥ የሚያደርጉትን ጉዞ ለመግለጽ የሚመረጡት ቃላት ለጆሮ የተለመዱ ቢሆኑም ለፍቺ የማይበቁ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው «ደረቅ አፈር» የሚለው ነው። ውሃ ያልጠገበ አፈር ደረቅ አይደለም። ትላልቆቹ ቀዳዳዎች አየር ሲይዙ፣ ውሃው በጥቃቅኖቹ ውስጥና በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ በስሱ ይቀራል። ጨውም ሆነ ናይትሬት በዚሁ ውሃ ይጓዛል፤ ሆኖም መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሚሆን ጉዞው እጅግ ይዘገያል። «ያልጠገበ» ብሎ መተውም አሻሚ ነው፤ በኬሚስትሪ ያልጠገበ ሙሙት አለና። ስለሆነም «ውሃ ያልጠገበ አፈር» ተብሎ በሙሉ እንዲጻፍ እንመርጣለን።

ሁለተኛው «ስርጭት» ሲሆን፣ የሦስት ክንውኖችን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ሟሚው በሚፈሰው ውሃ ተወስዶ መሄዱ አንድ ነው፤ ፊክ በ1855 እ.ኤ.አ. ሕጉን እንዳስቀመጠለት፣ ከበዛበት ወደ አነሰበት መንቀሳቀሱ ሌላ ነው፤ የውሃው ፍጥነት ከቀዳዳ ቀዳዳ ስለሚለያይ መበታተኑ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሁለተኛው ውሃው ቢቆምም ይቀጥላል፤ የቀሩት ግን ያለ ፍሰት አይኖሩም። ለእነዚህ በቅደም ተከተል «አብሮ ፍሰት»፣ «ስርጸት» እና «ብተና» እንዲባሉ ሐሳብ እናቀርባለን።

ከሁሉ የሚከፋው «እጥበት» ነው። ገበሬው «አፈሩ ታጠበ» ሲል ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው ማለቱ ነው። በመስኖ መመሪያ ላይ «ጨውን ለማስወገድ እጥበት ያስፈልጋል» ተብሎ ሲጻፍ ግን የተፈለገው፣ ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ጨውን ከሥሮች ክልል በታች እንዲያወርድ ነው። በላዩ የሚያልፍ ጎርፍ ይህን አይፈጽምም። ማፍሰሻ ቦይ በሌለበትም የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይልና ጨዉን ወደ ገጽ ይመልሰዋል፤ በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ የታየው የእርሻ መሬት ጨዋማነት ከዚሁ ከከርሰ ምድር ውሃ መቅረብ ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህ «ሥርገ እጥበት» ብንል አቅጣጫው ከስያሜው ይታወቃል።

የቃላት ዝርዝር አቻ ቃልን ብቻ ደርድሮ ማለፍ የለበትም፤ ነገሩ ወዴትና በምን ኃይል እንደሚሄድ አጭር ፍቺ ይጨምር እንላለን። ተርጓሚው የሚሳሳተው ቃል አጥቶ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ቃል የበቃ መስሎት ነውና።