ሜዳን ዘርግቶ መጫወት ለምን አልያዘልንም?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሺሺንዳ፥ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ቡድን ከከተማዪቱ ወጣቶች ጋር ያደረገውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ቆሜ ተመልክቼ ነበር። የኮሌጁ ልጆች አጨዋወት የተማረ አጨዋወት ነው። ሁለቱ የክንፍ ተጫዋቾች ከዳር መሥመሩ አይለዩም፤ የዳር ተከላካዮቹም እስከ መኻል ሜዳ ድረስ ይወጣሉ፤ ኳሷም ከእግር ወደ እግር ትዞራለች። ለሚያየው ሰው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ይዘው ሲያንሸራሽሩ ውለው በረኛውን አንድ ጊዜ እንኳ አላስጨነቁትም፤ የከተማው ልጆች ግን ሁለት ጊዜ ነጥቀው ሁለቱንም አገቡ። ከጨዋታው በኋላ ሁለት ምክንያት ሲሰጥ ሰማሁ፤ አንደኛው ሜዳው ጭቃ ነው፥ ሁለተኛው ጕልበት አነሰን የሚል ነበር።

ጭቃው እውነት ነው፤ በከፋ ዝናም ከሜዳው የሚርቀው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቢሆንም ጭቃው ለሁለቱም ወገን ጭቃ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ስለ ብሔራዊ ቡድናችንም ሽንፈት በመጣ ቍጥር የሚነገረው ይኸው ነው፤ ይህን ያመነ አሠልጣኝም የሚያርመው ነገር እንደሌለው ቈጥሮ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ነገሩን በታወቁት ግጥሚያዎች ላይ ብንመረምረው ይሻላል።

ሜዳን ዘርግቶ የመጫወት አሳብ ቀላል ነው። አጥቂው ወገን በሜዳው ስፋት ሲበተን ተከላካዩም እርሱን ለመጠበቅ አብሮ ይበተናል፤ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ሮጦ መግባት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች በእጅ እየተወረወረ የሚካሄደው የእግር ኳስ ዓይነትም በዚሁ አሳብ ብዙ ይሠራበታል። ሆኖም እዚያ የተወረወረው ኳስ ሳይቀለብ መሬት ከወደቀ ጨዋታው ይቆማል፤ ሁለቱም ወገኖች እንደ ገና ይሰለፋሉ። ባላጋራ በአየር ላይ ካልቀለበው በቀር ተበትኖ መገኘት የሚያስከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው። በእኛ ጨዋታ ግን ኳስ ሲነጠቅ የሚያቆም ፊሽካ የለም፤ ለማጥቃት የዘረጋነው ሜዳ በዚያው ቅጽበት ለባላጋራችን የተዘረጋ ሜዳ ይሆናል።

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በጥር 2005 ዓ. ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፥ በሰውነት ቢሻው እየተመራ በደቡብ አፍሪካ ሦስት ግጥሚያ አድርጎ አንድ አገባ፤ ሰባት ገባበት። በጥር 2014 ዓ. ም. ደግሞ በውበቱ አባተ እየተመራ በካሜሩን ሦስት ግጥሚያ አድርጎ ሁለት አገባ፤ ስድስት ገባበት። ከሁለቱ አንዱ ጌታነህ ከበደ በቡርኪና ፋሶ ላይ ያገባው የፍጹም ቅጣት ምት ነው። በእነዚህ ስድስት ግጥሚያዎች ጀማል ጣሰው በዛምቢያ፥ ሲሳይ ባንጫ በናይጄሪያ፥ ያሬድ ባየህ በኬፕ ቬርዴ ግጥሚያ በቀይ ካርድ ወጥተዋል። ሁለቱ በረኞች፥ አንዱ የመኻል ተከላካይ ናቸው፤ ሦስቱም የወጡት ወደ ጐል የሚገሰግሰውን ባላጋራ ሲያስቆሙ ባጠፉት ጥፋት ነው። ሰዎቹን ግልፍተኞች ናችሁ ብሎ መውቀስ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን የምጠይቀው፥ የመጨረሻው ሰው ብቻውን ከሯጭ ጋር እንዲፋጠጥ ያደረገው ማን ነው? የሚለውን ነው።

ከኹሉ ይልቅ የሚያስተምረን ጥር 17 ቀን 2005 ዓ. ም. ከቡርኪና ፋሶ ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። አንድ ለባዶ እየተመራን ሳለን የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። አንድ ሰው ትርፍ አገኘን ማለት ነው፤ ዘርግቶ ለሚጫወት ቡድን ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ውጤቱ ግን አራት ለባዶ ሆነ፤ ከአራቱ ሦስቱን ያገቡት ዐሥር ሆነው ነው። እነርሱ ተሰብስበው ጠበቁ፤ እኛ እየተዘረጋን ወጣን፤ ኳሷ ስትነጠቅ ከፊታቸው የሚያገኙት ባዶ ሜዳ ነበር።

ከዚያ በፊት በአራተኛው ቀን ከዛምቢያ ጋር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው አዳነበት፤ ቀጥሎ ጀማል ወጣ፤ ጐልም ገባብን። ዐሥር የሆነ ቡድን እንደ ልቡ ሊዘረጋ አይችልም፤ መጠጋጋት ግድ ሆነበት። አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገዋን ጐል ያገባው በዚህ ጊዜ ነው። ከአንድ ግጥሚያ ሕግ አይወጣም፤ ነገር ግን ሁለቱን ግጥሚያዎች ጐን ለጐን አስቀምጦ ያየ ሰው ጕልበት አነሰን ለማለት የሚደፍር አይመስለኝም። በሦስተኛው ግጥሚያም ኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ናይጄሪያን 80 ደቂቃ ያህል ባዶ ለባዶ ይዘናት ነበር።

የቁመትና የጕልበት ነገር ከተነሣ፥ በ1954 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ግብፅን አራት ለሁለት አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው ቡድን የዚሁ አገር ልጆች ቡድን ነበር። ያ የጥንት ነው ለሚሉኝ፥ ውበቱ አባተ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ. ም. በማላዊ ሊሎንግዌ ያንኑ ግብፅን፥ እርግጥ ሞሐመድ ሳላሕ ሳይኖርበት፥ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጐሎች ሁለት ለባዶ አሸንፏል። በአምስት ወር ውስጥ የሰው ቁመት አይጨምርም።

እንግዲህ ቅብብሉ ይቅር አልልም። ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ. ም. በዚሁ በውበቱ አባተ ሥር የሊግ ዋንጫ ያገኘ ቡድን ነው፤ ተመልካቹም ኳስ ሲንሸራሸር ማየት ይወዳል። የቡናን ስም የተሸከመ ቡድን አጨዋወት በቡና አገር ልጆች ዘንድ ቢወደድ አያስደንቅም። ነገር ግን ጭብጨባችን ራሱ ከጥፋቱ ድርሻ አለው እላለሁ። በራሳችን ሜዳ ዐሥር ጊዜ ለተቀባበሉት እናጨበጭባለን፤ ኳስ ሳይደርሰው ወደ ክፍተቱ ሦስት ጊዜ በከንቱ የሮጠውን ልጅ ማንም አያስተውለውም። አራተኛ ጊዜ መሮጡን ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ሜዳው የሚዘረጋው ኳስ ለመያዝ ብቻ ነው፤ ባላጋራም ይህን ካወቀ ሊበተን አይገደድም፤ በጐሉ ፊት ተሰብስቦ ይጠብቃል።

በሺሺንዳ ያየሁት ይህንኑ ነው። ኳስ በቀኝ ዳር ስትሆን የግራው ክንፍ ወደ ጐሉ ፊት መግባት ሲገባው መሥመሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በጐሉ ፊት ያለው አንድ አጥቂ ነው፤ እርሱም በሦስት ሰዎች መካከል። አንዱ የዳር ተከላካይ ሲወጣ ሌላው ወደ መኻል ተጠግቶ እንዲቀር፥ አንድ አማካይም ከተከላካዮቹ ፊት እንዳይለይ ማድረግ ጕልበትም ደረቅ ሜዳም አይጠይቅም፤ የአንድ ሳምንት ልምምድ ይበቃዋል። የከተማው ልጆች ሁለተኛዋን ጐል ሲያገቡ የኮሌጁ የዳር ተከላካዮች ሁለቱም ከመኻል መሥመሩ ባሻገር ነበሩ፤ ግራው እንዲያውም እጁን አንሥቶ የማዕዘን ምት ይገባናል እያለ ከዳኛው ጋር ይከራከር ነበር።