ስለ ጥርኝ ውኃ፤ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲመረመር

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከግዕዝ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ ምድጃ ዳር ጨዋታ ወርዶ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ሆኗል። ዘወትር የሚሰማ ነገር ግን ታወቀ እየተባለ ሳይመረመር ይቀራል። ታሪኩን የያዘው ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። በቅምር አገር የነበረው ሰው በላ ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ እንደ ተወላጅ ሆኖ ኖረ።

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ፥ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፥ ኦርቶዶክሳዊውና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፥ በአንድ ደረጃም ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ይህ ታሪክ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቡና በተፈላበት ቤት፥ ለቅሶ በተቀመጡበት ድንኳን ይነሣል። አንዱ ወገን «78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በጥርኝ ውኃ ከዳነ፥ የክርስቶስ ደም ስለ ምን ፈሰሰ?» ብሎ ይነቅፋል። ሌላውም «በስሟ ጥቂት ከሰጠን ይበቃናል» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። የሚነቅፈውና የሚመካው ተጣልተዋል ቢባልም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ሰውየውን ያዳነው ውኃው ነው ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም።

ምርመራውን ከሚዛኑ መጀመር ይሻላል። በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፥ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ ተቀመጡ፤ ውኃዋ ቀለለች፥ የነፍሳቱም ወገን ሚዛን ደፋ። ሚዛኑ የተመለሰው እመቤታችን ጥላዋን በውኃዋ ላይ ካሳረፈች በኋላ ነው። የደራሲው ሐሳብ ውኃ መስጠት ነፍስ ማጥፋትን ይሽራል ለማለት ቢሆን ኖሮ፥ ውኃዋን ገና እንደ ተቀመጠች እንድትደፋ ባደረጋት ነበር። ቅኔ የተማረ ሰው ከዚህ ላይ ቆም ይላል። በሚዛን የሚጣል ነገር ሁሉ ክብደት አለው፤ ጥላ ግን በወቄትም በነጥርም አይመዘንም። የማይመዘነው የሚመዘነውን አሸነፈ ማለት፥ ሰውየው በሥራው ልክ አልተከፈለውም ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 10፥ መዳን የጸጋ ስጦታ መሆኑን ተናግሮ ወዲያው ለበጎ ሥራ መፈጠራችንን ያስከትላል፤ ይህ ታሪክ ያንኑ ትምህርት በአንድ ሚዛን ሥሎ ያሳያል። የጥላዋም ኀይል ከኪዳኑ ነው፤ ኪዳኑን የሰጠም ልጇ ነው። ስለዚህ የደሙ ነገር ከታሪኩ አልጠፋም፤ በበዓሉ ስም ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ ውኃዋ ስለ ምን አስፈለገች? ጥላ የሚያርፍበት ይሻልና። ሥጋው የቆሰለው ድኻ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው፥ በቅዱሳንም ስም ቢለምነው ያ ጨካኝ አልራራም፤ በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ድሮ የሰማው ነገር ትዝ አለውና ጥም የማትቆርጥ፥ ጉሮሮ ከማርጠብ የማታልፍ ውኃ ሰጠው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው የዚህችን ስጦታ ትንሽነትም ትልቅነትም ከመተርጉማን ባልተናነሰ ያውቀዋል። በቃል የሚተረከው ደግሞ ነገሩን ወደ ኋላ ያስረዝመዋል፤ ሰውየው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረና ሥላሴን በቤቱ ሊያስተናግድ ሲመኝ ሰይጣን በሽማግሌዎች አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድ አድርጎ አሳተው ይላል። ይህ ጭማሪ ብልህ ጭማሪ ነው። ብዙ እንግዳ የተቀበለበት ዘመን ከውድቀት አልጠበቀውም፤ ሳይወድ በግድ የሰጣት ጥርኝ ውኃ ግን መነሻ ሆነችው።

የዚህ ታሪክ ዘመድ በሌላም መጽሐፍ ይገኛል። በጥር 25 ቀን ስንክሳር የሚነበበው ቀራጩ ጴጥሮስ ለለማኝ የሚወረውረው ድንጋይ ቢያጣ በቍጣ እንጀራ ወረወረበት፤ በራእይም ያ እንጀራ በሚዛን ላይ ተቀምጦ አየ። ጴጥሮስ ግን እስትንፋሱ ገና አልወጣችምና ገንዘቡን ለድኾች በተነ፥ በኋላም ራሱን ለባርነት እስከ መሸጥ ደረሰ። ከዚህ ጋር ሲተያይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ የንስሓን ዘመን የዘለለ ይመስላል።

የዘለለው ግን መጽሐፉ አይደለም፤ ተራኪው ነው። ሰው በላው ውኃውን ከሰጠ በኋላ ወደ ዋሻ ገብቶ፥ ስለ ኃጢአቱ እያለቀሰ፥ እህል ሳይቀምስ እንደ ሞተ ተጽፏል። ሥጋ ሰው ይበላ የነበረው አፍ ከምግብ ሁሉ ተዘጋ። ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሆኖም ያለ እርሱ ታሪኩ የገበያ ድርድር ይመስላል። ሠዓሊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሥሉት ሰው ሲበላ፥ ውኃ ሲሰጥና በሚዛን ሲመዘን ነው፤ ሰባኪዎችም የሠዓሊዎቹን መንገድ ይከተላሉ። ዋሻ ውስጥ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ለሥዕልም ለስብከትም አይመችም ይሆናል። «በስሟ ጥቂት ከሰጠን ይበቃናል» የሚለው ሰው ግን ያልሰማው ይህንኑ ክፍል ነው።

ድርሰቱ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። 78ቱ ነፍሳት በሚዛኑ ላይ ክብደት ሆነው ብቻ ቀሩ፤ ከእነርሱም መካከል የገዛ ቤተ ሰቦቹ አሉ። ገዳያቸው ሲማር እነርሱ ምን እንዳሉ፥ ወዴትስ እንደ ሄዱ በዚያ ፍርድ ላይ አይሰማም። ልጁን በሰው እጅ ያጣ አባት በለቅሶው ድንኳን ተቀምጦ ይህን ታሪክ ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነው፤ ተራኪው ግን ወደ ጥላው ይቸኩላል።