በችግር መማርና በገለጻ መማር፤ ስለ ሕክምና ተማሪዎች አስተያየት አጭር ትችት

የሕክምና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር አይታጣም። ይኸውም መምህሩ ቆሞ ገለጻ የሚያደርግበት የቆየው ሥርዓት ይሻላል፥ ወይስ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ቀድሞ ቀርቦ ተማሪው በቡድን ሆኖ መልሱን ራሱ የሚፈልግበት አዲሱ ሥርዓት ይሻላል የሚል ነው። (አዲስ መባሉ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።)

አዲሱን የሚወዱት፥ ገለጻ እንቅልፍ ያመጣል፥ የተሸመደደውም በፈተና ማግስት ይጠፋል ይላሉ። የሚጠሉት ደግሞ፥ ጊዜ ያባክናል፥ ምን ያህል ማጥናት እንደሚበቃም አይታወቅም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ምቾት ነው። በሽተኛውን ሲያነሡ አልሰማሁም።

እስቲ እኛ እናንሣው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ደጋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት፥ ትኩሳቱ ሁለት ወር አልለቅ ብሎት፥ ሰውነቱ መንምኖ፥ ጣፊያው አብጦ ይመጣል። ገለጻውን በሚገባ የያዘ ተማሪ ወባ፥ ታይፎይድ፥ ካላዛር እያለ ይዘረዝራል። ነገር ግን «የት ከርመህ መጣህ?» ብሎ መጠየቅን ዝርዝሩ አያስተምረውም። ነገሩም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በታወቀበት ጊዜ አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ መሆኑ ይነገር ስለ ነበር በዚያ ስፍራ ቶሎ አልተጠረጠረም። በዚህ መካከል ብዙ ሰው ሞተ።

ስለዚህ እኔ ወደ ችግሩ አደላለሁ። በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ግን ሌላ ነው። እኔ በነበርሁበት ቡድን ስምንት ሆነን ስንቀመጥ የሚናገሩት ሦስት ነበሩ፤ አምስቱ ነገሩ ጠፍቷቸው ሳይሆን እንግሊዝኛው አስፈርቷቸው ዝም ይላሉ። መሪ መምህራችንም እንዳይጫነን ብሎ እርሱም ዝም ይላል። የቀረበልን የችግር ወረቀት ከባሕር ማዶ የተቀዳ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው መኪናውን ሲነዳ ደረቱን ያመመው ሽማግሌ ነበር። ከራስ ደጀን ግርጌ፥ ከአምቢኮ በቃሬዛ የምትመጣ ምጥ የጸናባት ሴት በወረቀቱ የለችም።

ከሩቅ መቅዳትም አያስፈልገንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንን፥ የነርስና የሳኒተሪያን ተማሪዎቹን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያዎች ልኮ ያሠራ ነበር፤ የማክማስተር ዘዴ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። በዳባትም እ.ኤ.አ. በ1996 ልደትና ሞት የሚመዘገብበት የጥናት ጣቢያ ተቋቁሟል። ከዚያ መዝገብ ችግር እያወጡ ለክፍል ማቅረብን ምን ይከለክላል?

ገለጻውንስ እንጣለው? አይሆንም። የአካል አሠራርን ሳያውቁ ስለ ጣፊያ መከራከር ከንቱ ነው። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት የቀመሱ ጓደኞቻችን ይህን ያውቁታል፤ ግሱን በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ሊነግር አይችልም፥ ግስ ብቻ ይዞ ቅኔ ያልቈጠረም ተቀኘ አይባልም። የኔታዎቹ አንዱን ለመምረጥ ድምፅ አላሰጡም።

በመጠይቅ ጥናት የሚያካሂዱ ጓደኞቼን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ትወዳለህ?» ከሚለው ጥያቄ በታች «በቡድኑ ስብሰባ ስንት ጊዜ ተናገርህ?» የሚል ቢጨምሩ መልሱን ለማንበብ እጓጓለሁ።