ሰዓቱ ከየት ይቆጠር?
በአሜሪካ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ክርክሮች ስለሚፈረድ የጠበቃ ዋጋ የቀረበ አስተያየት

በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ወጪና ኪሣራን ማን ለማን ይክፈል የሚለውን የሚወስነው ነገሩን ያየው ፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህም ተከራካሪ ሁሉ ቢረታ ኪሣራ እንደሚከተለው አስቀድሞ ያስባል። ይህን ይዞ የአሜሪካንን ሕግ የሚያነብ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው ይደናገራል። በዚያ አገር ረቺም ተረቺም የየራሱን ጠበቃ ዋጋ ራሱ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1975 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአላስካን የዘይት ቧንቧ በሚመለከተው ክርክር ይህንኑ ልማድ አጽንቶ፥ ዳኞች በራሳቸው አስተያየት ሊተዉት እንደማይችሉና ሕግ አውጪው ራሱ መፍቀድ እንዳለበት አስታውቋል። እኛ የምንመረምረው ሕግ አውጪው ከፈቀደባቸው ስፍራዎች አንዱን ነው፤ ይኸውም በሕመም ምክንያት ሥራ መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ አበሉን የከለከለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ ሲከስ ነው።

አሠሪ ለሠራተኞቹ የሚገዛው የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ፥ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሠራተኞች ካልሆኑ በቀር፥ ኤሪሳ በሚባለው በ1974 በወጣው ሕግ ይገዛል። ሕጉ ፍርድ ቤቱ አመዛዝኖ ለአንዱ ወይም ለሌላው ተከራካሪ ተገቢ የሆነ የጠበቃ ዋጋና የክሱን ወጪ ሊፈቅድ ይችላል ይላል። «ሊፈቅድ ይችላል» እንጂ «ይፈቅዳል» አይልም፤ ማን ሲረታ እንደሆነም አይናገርም።

ይህ አጭር አንቀጽ ለበሽተኛው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ለመረዳት ሌላ ምን እንደቀረበት ማወቅ ይገባል። በ1987 በፓይለት ላይፍ ኩባንያ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ፍርድ መሠረት፥ እንዲህ ያለ ከሳሽ ኩባንያው በክፉ ልቡና አንገላቶኛል ብሎ በየስቴቱ ሕግ ካሣና መቀጫ መጠየቅ አይችልም። ቢረታ የሚያገኘው በውሉ የተጻፈውን አበል ብቻ ነው። እንግዲህ በወር 900 ዶላር የሚገባው ሰው ከጠበቃው ጋር በሲሶ ቢዋዋል፥ ረትቶም የሚደርሰው 600 ዶላር ነው። ኩባንያው ገንዘቡን ለዓመታት ይዞ በመጨረሻ ዕዳውን ብቻ ሲከፍል፥ በሽተኛው ግን ከውሉ በታች ይቀበላል። በግሉ ኢንሹራንስ የገዛ ሰው ዕድል ከዚህ ይለያል፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 እንደፈረደው፥ ኩባንያው በክፉ ልቡና አበል ሲከለክል፥ ያን አበል ለማስለቀቅ ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ ራሱ የጉዳቱ ክፍል ሆኖ ይካሣል። በአሠሪው በኩል የገባው ሠራተኛ ግን ተስፋው ያችው የ1974 አንቀጽ ናት።

ይህችን አንቀጽ በሰፊው የተረጐመው በ2010 በሪላያንስ ስታንዳርድ ኩባንያ ክርክር የተሰጠው ፍርድ ነው። ባለጉዳይዋ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ የምትሠራ ሴት ስትሆን፥ በመጀመሪያ የእጅ አንጓ ሕመም፥ ኋላም የነርቭ ሕመም ከሥራ አስወጣት። ኢንሹራንሱ ለተወሰነ ጊዜ ከከፈለ በኋላ አቋረጠ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት መዝገቡን አይቶ፥ ሴትዮዋ ፈጽሞ መሥራት እንደማትችል የሚያሳይ ብርቱ ማስረጃ መኖሩን ጠቅሶ፥ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው፥ ያለዚያ ግን ፍርድ እንደሚሰጥባት ሳይሆን እንደሚሰጥላት አስታወቀ። ኩባንያውም አየና ውዝፉን 55,250 ዶላር ከፈለ። ዳኛው ለጠበቃ 39,149 ዶላር ቢጨምርላት፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት «አልረታችም፤ ጉዳዩ ተመለሰ እንጂ አልተፈረደላትም» ብሎ ሻረው።

ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ለዚህ የሰጠው መልስ ያስመሰግነዋል። አንቀጹ «ረቺ» የሚል ቃል የለበትም፤ የሌለውን ቃል ዳኛ ሊጨምርበት አይገባም። ጠያቂው በነገሩ ፍሬ ላይ በመጠኑም ቢሆን ከተሳካለት ይበቃዋል፤ ስኬቱ እዚህ ግባ የማይባል ወይም የሥነ ሥርዓት ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም። ሆኖም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መመለሱ ብቻውን ስኬት ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አልፎታል። አንደኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 በሰን ላይፍ ኩባንያ ክርክር «ነው» ብሏል፤ እኛም እንስማማለን። ኩባንያው ማስረጃውን በቅጡ ሳያይ መከልከሉ ከታወቀ፥ ከሳሽ ያገኘው የወረቀት ድል አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው አምስት መለኪያዎች አሉ፤ የተከሳሹ ጥፋት ወይም ክፉ ልቡና፥ የመክፈል ዐቅሙ፥ ሌሎችን ማስፈራቱ፥ ክሱ የሌሎችን አባሎች ጥቅም ወይም ከባድ የሕግ ጥያቄ መንካቱ፥ የሁለቱ ወገኖች ክርክር ጥንካሬ። የ2010ሩ ፍርድ እነዚህን ግዴታ አይደሉም አለ እንጂ አልከለከላቸውም። በእኛ አስተያየት ጠቃሚነታቸው አነስተኛ ነው። የመክፈል ዐቅም የሌለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ማን አይቷል? ስለ አንዲት ሴት የእጅ አንጓ የሚደረግ ክርክርስ የሌሎችን አባሎች ጥቅም እንዴት ይነካል? የሚጠቅሙት በተቃራኒው በኩል ነው፤ በሽተኛው ቢረታ የኩባንያውን የጠበቃ ዋጋ እንዳይከፍል ይከላከሉለታል፤ ሕጉ «ለአንዱ ወይም ለሌላው» ይላልና።

ዋናው ቅሬታችን ግን ማን ይከፈለው በሚለው ላይ ሳይሆን ምን ይቈጠርለት በሚለው ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ጠበቃው በተገቢ ሁኔታ የሠራበት ሰዓት በአካባቢው በተለመደው የሰዓት ዋጋ ይባዛል፤ ይህም በ1983 እና በ1984 በተሰጡ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዶች የጸና ነው። ዳኛው የበዛውን ሰዓት ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ የምንለው የለንም። ሰዓቱ መቈጠር የሚጀምረው ግን ጠበቃው ለክሱ ከሚሠራው ሥራ ነው። ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1993 በአንድ የአናጢዎች የጡረታ ፈንድ ክርክር፥ ሕጉ «ክስ» ስለሚል ከክስ በፊት ለኩባንያው በቀረበ አቤቱታ ላይ የተሠራው ሥራ አይከፈልበትም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

አሁን የእነዚህን ክርክሮች አካሄድ እንመልከት። በሽተኛው ከመክሰሱ በፊት አቤቱታውን ለራሱ ለኩባንያው ማቅረብ አለበት፤ ለዚህም ደንቡ ቢያንስ 180 ቀን ይሰጠዋል። የሐኪም ደብዳቤ፥ ምርመራ፥ የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት የሚሰበሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። ውሉ ለኩባንያው የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶት ከሆነ፥ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ያን የተዘጋ መዝገብ ብቻ ሲሆን፥ የሚጠይቀውም ኩባንያው ሥልጣኑን ያለአግባብ ተጠቅሞበታል ወይ ብሎ ነው። በዚያ ጊዜ ያልገባ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይገባም። እንግዲህ ነገሩ የሚረታው ወይም የሚጠፋው በ180ው ቀን ውስጥ ሆኖ ሳለ፥ የጠበቃው ዋጋ የሚቈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ በአቤቱታው ጊዜ የመጣውን በሽተኛ ወይ በሲሶ ይዋዋለዋል፥ ወይ «ሲከለክሉህ ተመለስ» ይለዋል። ብዕር መያዝ ያቃታት ሴት አቤቱታዋን ራሷ ትጽፋለች ማለት ነው።

የተቃራኒው አስተያየት መሠረት የለውም አንልም። «ክስ» የሚለው ቃል በእርግጥ አለ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1986 የአየርን ንጽሕና በሚጠብቀው ሕግ ላይ፥ «ክስ» የሚለው ቃል ከችሎት ውጭ የተሠራን ሥራ እንደማያስቀር ፈርዷል። በ1989ም በማኅበራዊ ዋስትና የአካል ጉዳት ጉዳይ፥ ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ሳለ ለተሠራው ሥራ የጠበቃ ዋጋ ሊከፈል እንደሚችል ወስኗል። ሁለተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2002 ይህንኑ ወደ ኤሪሳ አምጥቶ፥ ፍርድ ቤቱ መልሶ ካዘዘው በኋላ በኩባንያው ፊት የተሠራው ሊከፈልበት ይችላል ብሏል። ስለዚህ አንድ ዐይነት የሐኪም ደብዳቤ ከክሱ በፊት ቢሰበሰብ ዋጋ የለውም፤ ነገሩ ከተመለሰ በኋላ ቢሰበሰብ ግን ሊከፈልበት ነው። ጠበቃን ዘግይቶ እንዲሠራ ከመምከር በቀር ይህ ምን እንደሚጠቅም አልታየንም።

ሁለተኛው ምክንያት የፈንዱን ገንዘብ የመጠበቅ ምክንያት ነው። የአናጢዎቹ ፈንድ ለጠበቃ የሚከፍለው ከአባሎቹ ጡረታ ላይ ስለሆነ፥ በዚያ ስፍራ ጥንቃቄው ይገባናል። የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ዐረቦን ተቀብሎ ጉዳቱን የሚሸከም ነጋዴ ነው፤ ለጠበቃ ቢከፍል የሌላው ሠራተኛ አበል አይጐድልም። ያላግባብ የሚጠየቅ ሰዓት እንዳይኖር ደግሞ «ተገቢ» የሚለው ቃል በዚያው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዳኛው መዝገቡን ሲያነብ ለፍርዱ የረዳው የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን ደብዳቤ ለማስገኘት የዋለውን ሰዓት ብቻ ቈጥሮ የቀረውን መተው ይችላል።