ስለ ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ሸክላና ቃል ስለሌለው ዜማ

ዋልያስ ባንድ በ1977 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣውን ሸክላ «ቼ በለው» ብሎ ሰይሞታል። «ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ቃል ስለ ሆነ፣ ስሙ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ባላገር እንግዳ አይሆንበትም። ሥራው ግን የከተማ ነው፤ ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት የታወቀ ሲሆን፣ በሸክላው ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውተዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ሰሚዎች ሳይኬደሊክ ከሚባለው ሙዚቃ ጋር ያዛምዱታል።

ይህን ሥራ የባዕድ ቅጂ ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይመስለንም። መሣሪያው የውጭ ቢሆንም ዜማው ባለ አምስት ድምፅ የሆነውን ያገራችንን ቅኝት አልለቀቀም። ባንድ ጭራ የሚመታው ማሲንቆ የሚይዘውን መንገድ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ተከፋፍለው ይዘውታል።

እኛ ጉድለት የምንለው ሌላ ነው። አዝማሪ በሠርግ ቤት ሲጫወት፣ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። እንግዲህ ሰሚው የዘፈኑ ባለድርሻ ነው፤ ሰምና ወርቁም የሚወለደው ከዚህ መቀባበል ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን በመሰለ ቃል አልባ ዜማ ግን ሰሚው ይጨፍራል እንጂ የሚሰጠው ግጥም የለም። በሌላ በኩል፣ በደርግ ዘመን ግጥም በሳንሱር ሥር ስለ ነበረ፣ ቃል የሌለው ዜማ የሚያስጠይቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዝምታው ጉድለትም መጠለያም ነው፤ ሐያሲ አንዱን አይቶ ሌላውን ሊተው አይገባውም።

የባንዱ ዕድሜ አጭር ሆነ። በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሄዶ ሳለ፣ ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ጨምሮ አራቱ በዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ተመለሱ፤ ባንዱም ተበተነ። ሸክላው በ2014 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ብዙ አዲስ ሰሚ አገኘ፤ ሰሚው ግን «ተቀበል» ማለትን የማያውቅ ነው።

የባህል ጥናት ተማሪ ይህን ሥራ ሊመዝን ቢፈልግ፣ ከውጭ ሸክላዎች ጋር በማነጻጸር ብቻ አይወሰን። ወደ ጋይንት ይዞት ሄዶ፣ አዝማሪ በሚያውቁ ሰዎች ፊት ያሰማው። ከመካከላቸው አንዱ በዜማው ላይ ግጥም ቢጥልበት፣ ዝምድናው አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ሁሉም ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ደግሞ፣ ቅኝቱ ተርፎ መቀባበሉ እንደ ጠፋ ያን ጊዜ ይታወቃል።