የሚለምን ዘፈንና የሚጠይቅ ዘፈን

የተቃውሞ ዘፈን ዋጋው በምን ይመዘናል? በዜማው ጣዕም ነው? በተሸጠው ሸክላ ብዛት ነው? ወይስ ለበደሉ ስም በመስጠቱ? ይህን ለመመርመር በእንግሊዝ አገር በ1984 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጡ ሁለት ዘፈኖችን እናነጻጽር። ሁለቱም ስለ አፍሪካ የተዘፈኑ ናቸው፤ አንደኛውም ስለ እኛ ነው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ብዙም ሳይቆይ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ስመ ጥር ድምፃውያንን «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም ሰብስበው «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የተባለውን ዘፈን አስቀረጹ። ገቢው ለእርዳታ ዋለ። በዚያው ወቅት እጅግ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ፤ ከመጠለያዎቹም አንዱ በገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ ነበር። የተራበ ሰው እህል ሲደርሰው ስለ ግጥም አይከራከርም። ይህን በጎ ሥራ መካድ ነውር ነው።

ይሁን እንጂ ሂስ የሚመለከተው ምጽዋቱን ሳይሆን የኪነት ሥራውን ነው። ከርእሱ እንጀምር። ክርስትና ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቆየበት አገር፣ ሕዝቡ ገናን ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃልን? ግጥሙ ደግሞ አፍሪካን ዝናብና ወንዝ የሌላት ምድር አድርጎ ይሥላል። ተከዜን ተሻግሮ የተሰደደ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ከሁሉ የሚከፋው ግን የታለፈው ነው። ረሃቡን ያመጣው ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ በሰሜን የሚካሄደው ጦርነትና የመንግሥቱ አሠራር አባብሰውታል። ዘፈኑ ከእነዚህ አንዱንም አያነሣም። ስለዚህ አድማጩ ያዝናል እንጂ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ዘፈን የጄሪ ዳመርስ ድርሰት ሲሆን፣ ዘ ስፔሻል ኤ.ኬ.ኤ. በተባለው ባንድ የተጫወተው «ኔልሰን ማንዴላን ፍቱ» ነው። ዳመርስ አስቀድሞ በ1981 ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር ስለ ገዛ አገሩ ከተሞች መራቆትና ሥራ አጥነት የዘፈነ ሰው ነው። የአዲሱ ዘፈን ቅርጹ የጭፈራ ነው፤ ይዘቱ ግን ግልጽ ነው። የእስረኛውን ስም ይጠራል፤ የታሰረበትን ዘመን ይቆጥራል፤ የሚፈልገውን በርእሱ ይናገራል። ማንዴላ በየካቲት 1990 የተፈታው በደቡብ አፍሪካውያን ትግልና በዓለም ግፊት እንጂ በዘፈን አይደለም። ሆኖም ስሙን የማያውቅ ወጣት እየጨፈረ «ማን ነው እሱ?» ለማለት በቅቷል።

«የእኛ አዝማሪ በሰምና ወርቅ እንጂ በግልጽ መች ተናገረ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ስሙን ይሸሽጋል እንጂ አይረሳውም፤ አድማጩ ፈልጎ ያገኘዋል። ቴዎድሮስ ካሣሁንም በ2005 ባወጣው «ጃ ያስተሰርያል» ገዢ መለወጡ ብቻ ለውጥ ይሆን እንደሆነ በግልጽ ጠይቋል።

ይህ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ስደተኞች በሉግዲ በኩል ወደ መንደር 8፣ ተከዜን ተሻግረውም ወደ ሐምዳይት ገቡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተወሰዱት ወዴት ነው? ወደዚያው ወደ ኡም ራኩባ! ከ36 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ድንኳን ተተከለ። በ1984 ያልተጠየቀው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መምህራን ሆይ! ተማሪዎቻችን አንድ ዘፈን ሲሰሙ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናለማምዳቸው፦ በደል የደረሰበት ማን ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው? ዘፈኑ ከማን ምን ይፈልጋል? በመንደር 8 ዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ልጅ ይህ የቋንቋ ትምህርት ብቻ አይደለም። እንጀራ የሚሰጠውን እያመሰገነ፣ እንጀራውን ማን እንዳሳጣው የመጠየቅ መብት አለው።